የተቀባ በር

ትናንት ለዛሬ አጥቢያ አንድ ሕልም አየሁ። ሕልም መንገር አልወድም፤ ሰው ሕልሙን ሲነግረኝም ጥርሴን ነክሼ ነው የምሰማው። ይሄኛውን ግን ካልተናገርኩት እፈነዳለሁ። ስለዚህ ስሙኝ፤ ፍቺ አውቃለሁ የሚል ካለ ደግሞ ለራሱ ይያዘው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ አለበለዚያ ሕልሙ አይገባችሁም። ሰይፈ እባላለሁ። ቀን ቀን መገናኛ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ ረድኤት «ሁለተኛዋ ሚስትህ» የምትላት ሥራ አለችኝ። ልጆች ሆነን ጌም ቤት ተሰልፈን የተጫወትናት አንዲት የድሮ ጌም አለች። ትልቅ ከተማ ናት። መኪና ትሰርቃለህ፣ ወደፈለግክበት ትነዳለህ፣ ፖሊስ ያባርርሃል፣ ከተማው አያልቅም። ያቺን ጌም ቴሌቪዥን ሥር ከሚቀመጠው ትልቅ ኮንሶል አውጥተን፣ መዳፍ በምታህል አሮጌ የእጅ ጌም ውስጥ ለማስገባት የምንታገል ጥቂት ሰዎች ነን። ማንም አልላከንም፣ ማንም አይከፍለንም። በኢንተርኔት ካልሆነ ተያይተንም አናውቅም፤ አንዱ ድሬዳዋ ነው፣ አንዱ ብራዚል፣ አንዷ የት እንዳለች እግዜር ይወቅ።

«ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ ሰው አለ። ምን ይጠቅማል! ኳስ ማየት ምን ይጠቅማል? አቦ ተዉኝ።

ሥራው ባጭሩ መቁረጥ ነው። ትንሿ ማሽን ሜሞሪ የላትም፤ ያ ሁሉ ከተማ አይገባባትም። ስለዚህ ትቆርጣለህ። ሩቁን በጭጋግ ትሸፍነዋለህ፤ ከጭጋጉ ወዲያ ምንም ባይኖር ማንም አያውቅብህም። የመንገደኛውን ፊት ትቀንሳለህ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ጥቂት ፊት ይበቃዋል። የቤቶቹን ውስጥ ታወጣና በራቸውን ግድግዳው ላይ ትቀባዋለህ። ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉ ተራ ደረሰና «ውስጡ ይውጣ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ተስማማ፤ ትክክልም ነበርኩ። በዚያ ጌም ማንም ሆስፒታል አይገባም። ስትሞት ራስህን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመህ ታገኘዋለህ፤ ድነሃል፣ ሱሪህን አራግፈህ ትሄዳለህ፣ አለቀ። ውስጡ ለማን ነው?

ረድኤት ደግሞ ወሯ ገብቷል። ይሄንንም እወቁልኝና ወደ ሕልሙ እንሂድ።

በሕልሜ ላምበረት ቤታችን ውስጥ ነበርኩ። ረድኤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወገቧን ይዛለች።

«ሰይፈ፣ ጀመረኝ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ምኑ ይለኛል እንዴ! ምጡ ነዋ!»

ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ። እጄ አራት ማዕዘን ነበር። ጣት የለውም፤ ጣቶቼ መዳፌ ላይ የተቀቡ ናቸው። እሷን ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ ምንም አልጎደለባትም። ላቧ፣ ቅንድቧ፣ አንገቷ ሥር ያለችው ጠቃጠቆ፣ ሁሉም በቦታው አለ። እኔ ብቻ ነኝ ካርቶን የሆንኩት።

«እጅህን ምን አደረግከው?»

«ተቆርጦ ነው። ለሜሞሪ።»

«ከሰው ሁሉ ላይ ስትቆርጥ ለራስህ እንኳን ትንሽ አላስቀረህም?» አለችና እጄ ላይ ተንጠልጥላ ተነሳች። መያዝ ባልችልም እጄ ይጣበቃል። ተጣብቀን ወጣን።

ደጅ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ኮርኒስ አክሏል። ጭጋጉ ከጎረቤታችን አጥር ይጀምራል። አጥሩ ሥር ጋሽ ወንድይፍራው ቆመዋል፤ በካፖርታቸው አወቅኳቸው። ፊታቸው ግን የእቴቴ አስካለ ፊት ነበር። እቴቴ አስካለ የረድኤት እናት፣ የእኔ አማት ናቸው። ወይ ጉድ ብዬ ዘወር ስል ዳቦ የያዘች ሴት አለፈች፤ እሷም እቴቴ አስካለ። ከኋላዋ ጥላ የያዙ ቄስ፤ ጢማቸው ከመውረዱ በቀር እሳቸውም እቴቴ አስካለ። መንገድ ዳር የተኛውን ውሻ ሳይቀር ተጠራጠርኩት።

«ፊት ሁሉ ወጥቶ የእናትሽ ብቻ ቀርቷል» አልኳት ረድኤትን።

«ጥሩ ፊት ስለሆነ ነው። ሂድ አሁን!»

ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በአማቴ ድምፅ «እኔ ድሮም ብያለሁ» አሉ። ምን እንዳሉ አልነገሩንም። እውነተኛዋ እቴቴ አስካለም እንዲሁ ናቸው። ድሮም ብለዋል፤ ምን እንዳሉ ግን ከሠርጋችን ጀምሮ ተነግሮን አያውቅም።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ተሳፋሪዎች በሚኒባስ መስኮት ተንጠልጥለው «መገናኛ! መገናኛ! አንድ ረዳት የቀረው!» እያሉ ይጮኻሉ። ረዳቶቹ ረጅም ሰልፍ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ረዳት ሰልፍ ሊያቋርጥ ሲል ተሳፋሪዎቹ አንገቱን ይዘው መለሱት። ይሄ ሰልፍ ለእኛ እንደማይሆን ገባኝና ለአንዲት ነጭ መኪና እጄን አነሳሁ።

መኪናዋ ቆመች። ሹፌሩ በሩን ከፈተ፣ የገዛ ኮሌታውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ፣ ራሱን ጎትቶ አስፋልቱ ላይ ጣለ። ፊቱን ሳየው፣ መቼም አትጠይቁኝ፣ እቴቴ አስካለ ነው።

«ንጠቀኝ!» አለ ከመሬት።

«ኧረ ይነሱ እባክዎ፤ ሆስፒታል ድረስ ቢያደርሱን ብቻ…»

«ውሰዳት አልኩህ! ምን ዓይነት ሌባ ነው!»

ረድኤትን ከኋላ አስገባኋት፣ መሪውን ያዝኩ፤ ማለቴ መሪው እጄ ላይ ተጣበቀ። ዞር ብዬ ሹፌሩን «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ይሄን ጊዜ ከራሴ በላይ ቢጫ ኮከብ ቦግ አለ፤ ከጭጋጉ ውስጥም ሳይረን ተሰማ። ጌሟን ለማታውቁ፣ ወንጀል ስትሠራ ነው ኮከብ የሚበራብህ፤ ኮከቡ በበዛ ቁጥር ፖሊሱ ይበዛል።

«አመሰገነኝ!» ብሎ ሹፌሩ ኡኡታውን አቀለጠው። «በጠራራ ፀሐይ አመሰገነኝ! ያያችሁ መስክሩልኝ!»

ነዳሁ። ረድኤት ከኋላ «ቀስ በል፣ ቀስ በል፣ ሆዴን!» አለችኝ። ቀስ ስል ሁለተኛው ኮከብ በራ። ዜብራ ላይ ለመንገደኞች ብቆም «ቆመልን! ኧረ ሕግ የለም ወይ!» ብለው ቦርሳቸውን እየጣሉ ሮጡ። ወዲያው ትራፊክ ፖሊስ በሞተር ደርሶ መስኮቴን ቆረቆረ።

«መንጃ ፈቃድ።»

አወጣሁና ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። ጊዜው ያላለፈበት፣ ፎቶውም የእኔ መሆኑን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ትክክለኛ ነው እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሬዲዮውን አንስቶም ተጨማሪ ኃይል ጠራ።

«እንደምን ዋሉ እቴቴ?» አልኩት። ምን ላድርግ! ያን ፊት ሳይ ከወንበሬ ብድግ ማለት የለመደብኝ ነኝ። ሦስተኛው ኮከብ ቦግ አለ።

«ስደበው!» አለች ረድኤት።

«ፊቱ የእናትሽ ነው እኮ!»

«ስደበው ብዬሃለሁ! ልጄን መንገድ ላይ ልታስወልደኝ ነው?»

ተንፈስ አልኩና «ወግድ ከፊቴ፣ አንተ ጆንያ!» አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ፊት ላይ እንዲያ ስናገር ሆዴ ድረስ ቀዘቀዘልኝ። ሕልም ነው፤ በሕልም አይፈረድም። ኮከቦቼ ሁሉ ጠፉ። ትራፊኩ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጠኝና ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ተባረክ የኔ ልጅ» አለኝ። ምስኪን! ስለመረቀኝ የራሱ ራስ ላይ ኮከብ በራና የጠራቸው ባልደረቦቹ እሱኑ ሲያባርሩ ጭጋጉ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ገባኝ። ኪዮስክ ዳጥኩ፤ ባለኪዮስኩ አጨበጨበልኝ። በተከለከለበት በኩል ነዳሁ፤ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነልኝ። እየበረርን ነበር፤ ረድኤት ግን ትንፋሿ እያጠረ መጣ። የወንበሩን ጀርባ እየነከሰች እንደሆነ በመስታወት አየሁ። ነዳጁን ጨምሬ ረገጥኩት።

መርገጡ ነው ያጠፋን። መንገዱ አለቀ። እኔ ፈጥኜ ከተማው አልደረሰም። ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት አስፋልት የለ፣ ሰማይ የለ፤ ባዶ ግራጫ ነው። ባዶው ላይ «ይጠብቁ፣ ከተማው እየመጣ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ይህን ሰሌዳ እኔው ራሴ እንደሠራሁት ትዝ አለኝ፤ ቀለሙን ለመምረጥ አንድ ቀን ሙሉ ተከራክረንበታል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ረድኤት።

«ከተማው እየመጣ ነው።»

«ልጁም እየመጣ ነው!»

ወርጄ ባዶው ላይ ጮህኩ። ቆይቶ ከጭጋጉ ውስጥ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ጎንበስ ብለው መጡ። ከረባታቸው የተስተካከለ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ነው፤ ማጅራታቸው ላይ ግን እያንዳንዳቸው ድንጋይ ተሸክመዋል፣ ደም የተቃባ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ እንደሚሸከመው። ማን እንደሆኑ ወዲያው አወቅኩ። የጌሟ ባለቤቶች ናቸው፤ ከውጭ ኩባንያው የመጡ ጠበቆች። በእውኑ ዓለም ደብዳቤያቸው ይመጣብናል እያልን የምንንቀጠቀጥላቸው ሰዎች መንገዱ ላይ ተንበረከኩልኝ።

«ጌታችን፣ ይማሩን» አለ የፊተኛው።

«ምን አድርጋችሁ?»

«ጌሟን እኛው ሠራናት። ከማንም ሳንሰርቅ። አፍረናል» አለና ድንጋዩን አመቻቸ። «ደግሞም ትተናት ነበር። እርስዎ ባይሰርቁን ማን ያስታውሰን ነበር? ይስረቁን፣ ደጋግመው ይስረቁን፤ ብቻ ማሩን ብለናል፣ ይማሩን።»

«ኧረ ተነሱ ከመንገድ! ሚስቴ ምጥ ላይ ናት!»

«ካልማሩን አንነሳም» አሉ ባንድ ድምፅ። ሁሉም በእቴቴ አስካለ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ እንደማይነሱ አወቅኩ።

ምሬያለሁ ልል አፌን ከፈትኩና ኮከቡ ትዝ አለኝ። መሐሪ ሰው በዚህ ከተማ ስንት ኮከብ እንደሚበራበት እያሰላሁ ሳመነታ ረድኤት በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አወጣች።

«ምሬያችኋለሁ! አባቶቼ፣ ምሬያችኋለሁ! ድንጋያችሁን ወዲያ ጣሉና ዞር በሉልኝ!»

ራሷ ላይ ኮከቡ እንደ ሠርግ ቤት አምፖል ተንቦገቦገ። ጠበቆቹ እልል ብለው ድንጋዮቻቸውን ባዶው ላይ ወረወሩ። ድንጋዮቹ ተያይዘው ኮብልስቶን ሆኑና መንገድ ወጣቸው። እየተንገጫገጭን አለፍን። ረድኤት እያንዳንዷን ድንጋይ በስሜ እየጠራች ረገመችኝ።

ሆስፒታሉ ደረስን። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ፎቁ፣ መስታወቱ፣ ቀይ መስቀሉ፣ በሩ ላይ የምታብረቀርቀው እጀታ። እጀታዋን የሣልኳት እኔ ነኝ፤ ብርሃን እንዲያርፍባት ብዬ ደክሜባታለሁ። ልከፍታት ስል እጄ ግድግዳው ላይ ተንሸራተተ። ገፋሁት። ደበደብኩት። ድምፁ የሲሚንቶ ነው።

በሩ አጠገብ አንድ ዘበኛ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ፊቱን እንኳን መናገር አያስፈልግም።

«ምን ፈለግህ?»

«በሩን።»

«ይኸውልህ።»

«አይከፈትም እኮ!»

«ይከፈታል ያለህ ማነው? ይታያል እንጂ።»

ይህን ስንባባል አንድ ሰውዬ ከየት መጣ ሳይባል በሩ ፊት ተገተረ፤ ሱሪውን አራገፈና ሄደ። ወዲያው ሌላዋ። እሷም ቀሚሷን አራግፋ ሄደች።

«እነዚህ ከውስጥ አይደል የወጡት?» አልኩት።

«ውስጥ የለም። ሞተው ነው የመጡት» አለና ዘበኛው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ረድኤትን በርኅራኄ አያት። «የኔ ልጅ፣ ትንሽ ሞት ብለሽ ብትመለሺ ምን አለበት? እዚሁ ነው የምትነሺው። አይቆይም።»

«ልጁስ?» አለች ረድኤት።

ዘበኛው መፋቂያውን አፉ ውስጥ መለሰ። ልጁ ገና ከተማው ውስጥ አልገባም። የገባ ሰው ሲሞት በሩ ላይ ይነሳል፤ ያልገባ ሰው የት እንደሚነሳ ማንም አልጻፈውም። እኔም አልጻፍኩትም። እዚህ ላይ ፈራሁ። ከዚያ በፊት ተናድጄ ነበር፣ ተጣድፌ ነበር፤ ይሄ ግን ፍርሃት ነው። ረድኤት መሬት ላይ ተቀምጣ የተቀባውን በር ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማነው ይሄን የሠራው?» አለች።

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ዘበኛው፣ ከሞት የተነሱት፣ ሊስትሮው፣ ፖሊሶቹ፣ ባንድነት ወደ እኔ ዞረው «እኔ ድሮም ብያለሁ» አሉ።

እሪ ብዬ ጓደኞቼን ጠራሁ። መጡ ደግሞ። ከጭጋጉ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው መጡና በሩ ፊት የዕድር ድንኳን ተከሉ። ከሰው ሁሉ እነሱ ብቻ የአማቴን ፊት አልያዙም። ጭራሽ ፊት የላቸውም፤ ተያይተን አናውቅማ። የድሬዳዋውን «ጭልፊት» ነው የምንለው፤ ሰብሳቢ እሱ ሆነ። ብራዚላዊው ጥርት ባለ የጎጃም አማርኛ «እንደምን አላችሁ» አለ። የት እንዳለች የማላውቃት ሎሚ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ አድርጋ ዳር ተቀመጠች።

«አጀንዳችን አንድ ነው» አለ ጭልፊት። «በሩ ይከፈት ተብሏል። በር ቦታ ይፈልጋል። ቦታ የለንም። ምን ይውጣ?»

«ዝናቡ ይውጣ» አለ ብራዚላዊው።

«ዝናብ ከወጣ ጃንጥላ ሻጮቹ ምን ሊሆኑ ነው?»

«እሺ እንጦጦ ይውጣ።»

«እንጦጦ ከወጣ ብርዱ በየት ይመጣል?»

«ወገኖቼ!» አልኩ። «ልጅ እየተወለደ ነው!»

«በሥርዓት፣ አቶ ሰይፈ። እጅ አውጥተህ።»

እጄን አወጣሁ። አራት ማዕዘን ስለሆነ እጅ ነው አይደለም ተባለና ሌላ ክርክር ተነሳ። ቀለበት መንገዱ ግማሹ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ እንዲጠና ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ሻይ ይቅረብልን አለ። ረድኤት ድንኳኑን ይዛ ስትጮህ ጭልፊት «እህታችን ሐሳቧን በኋላ ታቀርባለች» ብሎ ያዘላት። ልቋቋመው አልቻልኩም።

«የአማቴን ፊት አውጡት በቃ!» አልኩ።

ረድኤት ከምጧ መሃል ቀና ብላ አየችኝ። ከሕልሙም በኋላ ቂም የምትይዝብኝ መስሎኝ «ማለቴ፣ ለጊዜው» አልኩ።

ሎሚ በዚህ መሃል ዝም ብላ ተነስታ የተቀባውን በር ለካች። ቁመቱን፣ ወርዱን። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እኔን ለካችኝ፤ ከራሴ እስከ ተረከዜ፣ ከትከሻ ትከሻዬ። ሜትሩን ጠቀለለችና ለጉባኤው ዞረች።

«ልክክ ነው። እሱ ከወጣ በሩ ይገባል።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት። «እኔ ከወጣሁ አባት የለማ!»

«አባት ለመውለድ ያስፈልጋል?» ብሎ ጭልፊት ቤቱን ጠየቀ። ቤቱ አያስፈልግም አለ፤ በሙሉ ድምፅ። ብራዚላዊው ብቻ «ለስም ያስፈልጋል» ብሎ ነበር፤ ስም ቦታ አይዝም ተብሎ ሐሳቡን አነሳ።

ወደ ረድኤት ሄድኩና ጎኗ ተንበረከክኩ። ላቧ በፊቷ ይወርዳል።

«ሌላ የሚወጣ ነገር የለም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የለም። ስቆርጥ ነው የከረምኩት፤ አውቀዋለሁ። ከዚህ በኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ጀግና ሆኜ አይደለም እንዲህ ያልኩት። አይሆንም ትለኛለች ብዬ ነው። እጄን ይዛ «አንተ ከሌለህማ በሩ ገደል ይግባ» የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«እሺ፤ ቶሎ በል» አለችኝ።

ተቀየምኳት። አሁንም ትንሽ ተቀይሜያታለሁ። ግን ትክክል ነበረች፤ የልጁ ራስ መጥቷል።

ከእግሬ ጀመረ። ጫማዬ ጠፋ፣ ጉልበቴ ጠፋ። እኔ በጎደልኩ ቁጥር በሩ እየወፈረ ሄደ። እጀታዋ ከግድግዳው ብቅ አለች፣ ክብ ሆነች፣ ማጠፊያው ሲጥ አለ። በሩ ተከፈተ። የበረኪና ሽታ ወጣ፤ ረጅም ኮሪደር፣ መብራት፣ ነጭ የለበሰች አዋላጅ። አዋላጇ የራሷ ፊት ነበራት፤ በዚያ ከተማ ያየሁት የመጀመሪያው አዲስ ፊት ነው። ደስ አለኝ፤ ማልቀስ ፈልጌ ነበር፣ ግን እንባ ቀድሞ ወጥቷል።

ረድኤት ግድግዳውን ይዛ ገባች። ገብታ ዞር አለች።

«ና እንጂ!»

«እግር የለኝም!»

«አንተ መቼም ሰበብ አታጣም» አለችኝና ሄደች።

የቀረኝ ራሴና ያ አራት ማዕዘን እጄ ነው። በሩ እንዳይዘጋ በእጄ ደገፍኩት። ቀጥሎ እጄም ሄደ። በሩ ሲዘጋ «ረድኤት!» ብዬ ጮህኩ፤ ግን ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ማንም አልሰማኝም።

ትከሻዬን ሰው ነቀነቀኝ።

«ወንድሜ፣ ተነስ። እዚህ አይተኛም።»

ነቃሁ። የብረት አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ፣ ወገቤ ተሰብሯል። መስኮቱ ነጋ ነጋ ይላል። የነቀነቀኝ የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው፤ ወፍራም ጺም ያለው፣ የራሱ የሆነ ፊት ያለው ሰው። ረድኤትን ማታ ምጥ ሲጀምራት እኔና እቴቴ አስካለ እዚህ ማዋለጃ ክፍል ይዘናት እንደመጣን፣ እቴቴ አብረዋት እንደገቡ፣ እኔ ውጭ ጠብቅ እንደተባልኩ አንድ ባንድ ትዝ አለኝ። ጣቶቼን ቆጠርኳቸው። አሉ። ከፊት ለፊቴ በር አለ፤ የእውነት በር፣ እንጨት፣ እጀታው በሰው እጅ የተፋቀ። አንዲት ፅዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ ገፋ አደረገችውና ገባች።

«ይከፈታል!» አልኩት ዘበኛውን።

«በር ነዋ» አለኝ ገረመም አድርጎ።

ዘልዬ ተነሳሁና ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው ዱላውን ደረቴ ላይ ጋደም አደረገው።

«ወዴት ነው?»

«ባለቤቴ ውስጥ ናት።»

«ወንድ አይገባም።»

«አባቱ ነኝ እኮ!»

«አባትም ወንድ ነው።»

አንድ ጎረምሳ ጋዝ ሲሊንደር እያንከባለለ መጣ። ዘበኛው በሩን በትህትና ያዘለት፤ ገባ።

«እሱስ?»

«እሱ ሠራተኛ ነው።»

በእግራችን መሃል አንዲት ግራጫ ድመት ጭራዋን ቀጥ አድርጋ አለፈችና በሩ ሳይዘጋ ሹልክ ብላ ገባች። ዘበኛውን አየሁት።

«እሷ ሴት ናት» አለኝ፤ አልሳቀም።

አፌን ለመክፈት ስል ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ቀጭን ነው፤ የተናደደ ነው። «የኔ ነው!» አልኩ። ከኋላዬም «የኔ ነው!» ሲባል ሰማሁ። ዞርኩ። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ሲያንቀላፉ ያደሩት ወንዶች ሁሉ ቆመዋል፤ አንዱ ጫማውን በግራ እጁ ይዟል፣ አንዱ ከደረቱ መስቀል አውጥቶ ይስማል፣ ሁሉም ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለዋል።

«ተቀመጡ» አለ ዘበኛው። «የማን እንደሆነ ሲጣራ ይነገራችኋል።»

ተቀመጥን።